ሐረማያ ላይ ቆሮሶ እምቢ ሲላችሁ፦ መሃል ውሃ ላይ የቆመ አሳ አያያዝ

«ሐረማያ ሄጄ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥኩ። አሳው ሲዘል በዓይኔ አያለሁ። አንድም አልነካልኝም። ምን አጥፍቼ ነው?»

ይህን ጥያቄ ከሐረርም ከድሬም ስንት ሰው እንደጠየቀኝ መቁጠር ትቻለሁ። አንዴ ጽፌ ልገላገል። እኔ መልሼ የምጠይቀው ሁሌም አንድ ነው፦ መንጠቆህ የት ነበር? መልሱም አንድ ነው፦ «ታች ነዋ፣ መሬት ላይ።»

ችግሩ እሱ ነው። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ትልቅ ዳዶ አስሬ፣ ትል ሰክቼ፣ እስከ ጭቃው ወርውሬ ግማሽ ቀን ተገትሬያለሁ። አጠገቤ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ከነጠላ ጫማ ቁራጭ በሠራው ተንሳፋፊ አሳ እየመዘዘ ጆንያ ውስጥ ይከታል። በመጨረሻ አዘነልኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ ከፍ አርገው እንጂ! እዚያ ታች ማን አለ ብለህ ነው?» አለኝ።

ልጁ ልክ ነበር። የሐረማያ ውሃ አረንጓዴ የሚመስለው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ስለሞሉት ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) እነሱን ይበላል። እነሱ ደግሞ ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከላይኛው ውሃ ብዙ አይርቁም። ቀን ቀን ኦክስጅን የሚያመርቱትም እዚያው ላይ ነው። ታች ጭቃው ውስጥ ግን የሚበሰብስ ነገር አለ፤ ብስባሹ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ምግቡም አየሩም ላይ ከሆነ ቆሮሶ ታች ምን ይሠራል? ከወለሉ ከፍ፣ ከላዩ ዝቅ ብሎ መሃል ላይ ይቆማል። አምባዛ ሌላ ነው። እሱ ላይ ወጥቶ አየር ጎርሶ ስለሚመለስ ጭቃ ላይ ቢተኛም ግድ የለውም። አምባዛ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ዝለሉትና መሬት ላይ ጣሉ።

ዩቲዩብ ላይ ባስ የሚባለውን የአሜሪካ አሳ ሲይዙ አይታችሁ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ አሳ የገዛችሁም አላችሁ። ባስም መሃል ውሃ ላይ የሚቆምበት ጊዜ አለ። እሱ ግን ትንንሽ አሳ አሳዳጅ ነው፤ የሚሮጥ ነገር ካየ ይከተላል። ቆሮሶ የፕላስቲክ አሳ አያሳድድም። ከእነዚያ ቪዲዮዎች የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዎቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት ጥልቀቱን ነው። እነሱ በመሣሪያ ያያሉ፤ እኛ በክንድ እንለካለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባዶ ሃይላንድ፣ ባለ 1 ወይም ባለ 2 ሊትር፣ ጠንከር ያለ። ዘንግ ያለው ሰው ዘንጉን ይጠቀም፤ የቀረው አሠራር አይለወጥም።
- 50 ሜትር ናይሎን ክር፣ ውፍረቱ ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር። የግንበኛ ክር አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ አሳው ያየዋል፣ ነፋስም ይገፋዋል።
- ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፣ አምስት ስድስት ፍሬ። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ናት።
- ያለቀለት ነጠላ ጫማ።
- ቀለሙ ያለቀ እስክርቢቶ (የምንፈልገው የውስጡን ቀጭን ቱቦ ነው)።
- ትንንሽ ዶቃ። ቀፊራም ሸዋ በርም አይጠፋም።
- ትንንሽ ዳዶዎችና አንድ ትልቅ ዳዶ።
- ወፈር ያለ የልብስ ስፌት ክር።
- የስንዴ ዱቄት፣ ፉርሽካ፣ ትንሽ ጥጥ።
- ነጭ ሳህንና ሲባጎ።
- ፒንሳ፣ ቢላዋ፣ ባልዲ፣ የድሮ ጓንት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከወዲሁ፦ ለክብደት ብላችሁ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ አውጥታችሁ እንዳታቀልጡ። ጭሱ መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ የባሰ ነው። ዳዶ ይበቃል።

አሠራሩ

1. ክሩን ሃይላንዱ ላይ ጠቅልሉ

ሃይላንዱ አየር እንደሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉት። ሁለት ጥቅም አለው። ክሩ ሲወጠር ፕላስቲኩ አይጨማደድም፤ ከእጃችሁ አምልጦ ውሃ ውስጥ ቢገባም ይንሳፈፋል። የክሩን ጫፍ ሃይላንዱ ወገብ ላይ አስራችሁ በፕላስተር ለጥፉት። ከዚያ ወደ አንገቱ ጠጋ ብላችሁ፣ ሳታደራርቡ ጎን ለጎን ጠቅልሉ። ስትወረውሩ ቂጡን ይዛችሁ አንገቱን ወደ ውሃው ታዞራላችሁ፤ ክሩ በአንገቱ በኩል እየተፈታ ይሄዳል። ተደራርቦ ከተጠቀለለ መሃል መንገድ ላይ ይያዝና ሊጡ ከመንጠቆው ላይ ተፈናጥሮ ይቀራል።

2. ተንሳፋፊውን ሥሩ

ከነጠላ ጫማው ላይ ቴምር የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ፤ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱን ጫፎች አሹሉ። ሹል ጫፍ ውሃ ውስጥ ሲገባ ድምፅ የለውም፤ ሲጎተትም አይከብድም። በጋለ ቀጭን ምስማር ከጫፍ ጫፍ ብሱት። የእስክርቢቶውን ቱቦ ጫፍ ቆርጣችሁ፣ የተረፈ ቀለም እንዳይኖረው አጥባችሁ በቀዳዳው አስገቡ። ቱቦው በሁለቱም በኩል ትንሽ ይውጣ።

ቱቦው ለምን? ክሩ ስፖንጁን ከነካ ይቆርጠውና ይነክስበታል። ከነከሰ አይንሸራተትም። የዚህ ሥራ ቁም ነገር ያለው ደግሞ መንሸራተቱ ላይ ነው። የላይኛውን ጫፍ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀቡት። እህታችሁን አስፈቅዱ። ከሩቅ እንድታዩት ነው።

3. በቅደም ተከተል እሰሩ

ከሃይላንዱ ጀምሮ ወደ መንጠቆው ሲወርድ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ማቆሚያ ቋጠሮ፣ ዶቃ፣ ተንሳፋፊ፣ ትንሽ ዳዶ፣ ከዳዶው በታች ሁለት ስንዝር ያህል ባዶ ክር፣ መንጠቆ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ማቆሚያ ቋጠሮው ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የሚታሰረው በራሱ በናይሎኑ ሳይሆን በልብስ ስፌት ክሩ ነው። አንድ ስንዝር ያህል የስፌት ክር ቁረጡ። ናይሎኑ ላይ አጋድሙት። አንዱን ጫፍ ወደ ኋላ መልሳችሁ ቀለበት ሥሩ። ያንኑ ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ እያሳለፋችሁ ናይሎኑንና የስፌት ክሩን አንድ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ ጠምጥሙ። በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ሆኖ ከጠበቀ ናይሎኑን ያቃጥለዋል። አሁን ሁለቱን ጫፎች ጎትቱ። ጥፍራችሁ ሲገፋው የሚሄድ፣ ዶቃው ሲመታው ግን የማይነቃነቅ መሆን አለበት። ትርፉን ጫፍ ሙልጭ አድርጋችሁ አትቁረጡ። አንድ ሴንቲ ሜትር ተዉለት፤ ውሎ ሲላላ የምታጠብቁት በሱ ነው።

ዶቃው ጌጥ አይደለም። ቋጠሮው ከቱቦው ቀዳዳ ስለሚያንስ ዶቃ ከሌለ በቱቦው አልፎ ይሄዳል፤ ተንሳፋፊውም የትም አይቆምም።

«ለምን ተንሳፋፊውን እዚያው አላስረውም?» ትሉ ይሆናል። አምስት ክንድ ጥልቀት ላይ ማጥመድ ፈለጋችሁ እንበል። ተንሳፋፊው የታሰረ ከሆነ ከእሱ በታች አምስት ክንድ ክር እየተንዘላዘለ እንዴት ትወረውራላችሁ? ቁጥቋጦውንም ጎረቤታችሁንም ትይዛላችሁ። የሚንሸራተተው ግን ስትወረውሩ ወርዶ ዳዶው ላይ ይቀመጣል። ውሃ ላይ ሲያርፍ ዳዶው ክሩን እየሳበ ይወርዳል፤ ቋጠሮው ዶቃው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ቋጠሮውን ያሰራችሁበት ቦታ ጥልቀታችሁ ነው ማለት ነው።

4. ክብደቱን ቤት ውስጥ አመጣጥኑ

ባልዲ ውሃ ሙሉና ተንሳፋፊውን ከነዳዶው ጣሉት። ቀጥ ብሎ ቆሞ ከውሃው በላይ የሚታየው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ መሆን አለበት። ግማሽ አካሉ ከወጣ ዳዶ ጨምሩ፣ ወይም ስፖንጁን ሸርፉት። ቆሮሶ ምግብን ስቦ ቀምሶ የሚተፋ አሳ ነው። ሲስብ የሚከብድ ነገር ከተሰማው ይተፋና ይሄዳል፤ እናንተም ምንም አታዩም። «አልነካልኝም» ከሚሉት ግማሾቹ ተነክቶላቸዋል።

ዳዶውን ለማሰር ክሩን በቀዳዳው ሁለቴ አዙራችሁ ሳቡት፤ ይጠብቃል። ከዳዶው በታች ያለውን ሁለት ስንዝር ነፃ የምንተወው ሊጡ የመጨረሻዋን ርቀት በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ እንዲወርድ ነው። መሃል ውሃ ላይ የቆመ አሳ ምግብ ከላይ እየተንሳፈፈ ሲመጣለት ነው የለመደው።

5. ሊጡን አቡኩ

አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት፣ ትንሽ ውሃ፣ ቁንጥር ስኳር። ጆሮን እንደመንካት እስኪለሰልስ እሹት። የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት ብቻውን አይሆንም፤ ስለማይሳሳብ ውሃ ሲነካው ይበተናል። መጨረሻ ላይ ጥጥ በጣታችሁ በትናችሁ ከሊጡ ጋር ደባልቁ። ጥጡ ሊጡን ከመንጠቆው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። መጠኑ አተር ታህል። ሽምብራ ካከለ በዝቷል። የመንጠቆው ጫፍ ጥቂት ብቅ ይበል።

የመሬት ትልም ይሠራል። ነገር ግን ትንሽ ትንሽ ቆርጣችሁ ስኩት፤ ሙሉውን ከሰካችሁ ቆሮሶው ጫፍ ጫፉን በልቶ ይሄዳል።

6. ሰዓቱንና ቦታውን ምረጡ

«አሳ በማለዳ ነው» የሚባለውን እዚህ እርሱት። አረንጓዴ ውሃ ላይ ማለዳ መጥፎ ሰዓት ነው። ዕፅዋቱ ቀን ኦክስጅን ያመርታሉ፤ ሌሊት ግን እነሱም ይተነፍሳሉ፣ ይጨርሱታል። ሊነጋ ሲል ኦክስጅኑ ከሁሉ ያነሰ ነው። ጎህ ሲቀድ አሳዎች ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ ብታዩ እየበሉ እንዳይመስላችሁ፤ አየር አጥሯቸው ነው። በዚያ ላይ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ቁርሳችሁን ብሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት አትቸኩሉ። ከሐረር ሐረማያ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ትደርሳላችሁ። ከድሬ የምትመጡም ሌሊት መነሳት የለባችሁም።

ቦታ ስትመርጡ ነፋሱን እዩ። ነፋሱ ፊታችሁን የሚመታበት ዳር ቁሙ። መወርወር ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከነምግቡ ወደዚያ ዳር ይገፋል፤ ቆሮሶውም ይከተላል። የገበሬዎች የውሃ ሞተር ካለበት ራቁ። ክራችሁ በቱቦው ተስቦ ከገባ የእነሱንም ሥራ ታበላሻላችሁ። አሳ የሚያሰግሩ ሰዎች ካሉ መጀመሪያ ቀርባችሁ ሰላም በሉ፤ ማጥመድ የተፈቀደበትን ቦታና መረባቸው የት እንደተጣለ ጠይቁ። መረብ ላይ መንጠቆ መጣል ጠብ መፈለግ ነው።

7. ወለሉን ለኩ

ትልቁን ዳዶ መንጠቆው ላይ አንጠልጥሉ። ቋጠሮውን በግምት አስቀምጣችሁ ወርውሩ። ተንሳፋፊው ከሰመጠ ጥልቀታችሁ ከወለሉ ያንሳል፤ ቋጠሮውን ወደ ሃይላንዱ ግፉ። ተንሳፋፊው በጎኑ ከተኛ ዳዶው መሬት ነክቶ ክሩ ተርፏል፤ ቋጠሮውን ወደ መንጠቆው መልሱ። ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ሲቆም ወለሉን አገኛችሁ። ከቋጠሮው እስከ መንጠቆው በክንድ ለክታችሁ ቁጥሩን ያዙ። ትልቁን ዳዶ አውልቁ፤ ረስቶት ሊጥ የሚሰካ ሰው አይቻለሁ።

8. አሳው ያለበትን ጥልቀት ፈልጉ

ሥራው እዚህ ነው። እስካሁን ያለው ሁሉ ለዚህ ዝግጅት ነበር።

መጀመሪያ ሳህኑን በሲባጎ አስራችሁ፣ ከሥሩ ዳዶ አንጠልጥላችሁ ወደ ውሃው አውርዱ። ከድንጋይ ወይም ጠንካራ መሬት ካለበት ዳር ላይ ሆናችሁ አድርጉት። ከዓይናችሁ የጠፋበትን ጥልቀት ሲባጎው ላይ በጣታችሁ ያዙና ለኩ። ብርሃን ከዚያም በታች ጥቂት ይወርዳል። እኔ አሳውን የምጠብቀው ሳህኑ ከጠፋበት ጥልቀት እስከ እጥፉ ባለው ውስጥ ነው። ሳህኑ አንድ ክንድ ላይ ከጠፋ ከአንድ እስከ ሁለት ክንድ ማለት ነው። ውሃው ጠርቶ ሳህኑ ሩቅ ድረስ ከታየ አሳውም ዝቅ ይላል።

ከዚያ እንዲህ ቀጥሉ። ሊጡ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ እንዲል ቋጠሮውን አንድ ክንድ ወደ መንጠቆው አውርዱ። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ካልነካ ቋጠሮውን ግማሽ ክንድ ወደ መንጠቆው አውርዱ፤ ሊጣችሁ ግማሽ ክንድ ከፍ አለ። አሥር ደቂቃ። አሁንም ግማሽ ክንድ። ቦታ አትቀይሩ፤ ጥልቀት ብቻ ቀይሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። እስከ ላይ ደርሳችሁ ምንም ካልተገኘ ያኔ ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ እንደገና ጀምሩ።

ከታች ወደ ላይ የምንሄደው ለምንድን ነው? አሳው ከመንጠቆው በላይ ከሆነ እናንተ ወደሱ እየቀረባችሁ ነው፤ ሳታስደነግጡት ትደርሱበታላችሁ።

ሁለት ከሆናችሁ አንዳችሁ ከታች፣ አንዳችሁ ከላይ ጀምሩ፤ ጊዜው በግማሽ ያጥራል። ባለፈው መጋቢት ከጓደኛዬ ጋር እንዲህ አደረግን። ወለሉ አምስት ክንድ ነበር። እሱ አራት ላይ፣ እኔ አንድ ተኩል ላይ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እኔ ብቻ ሳወጣ ቆየሁና፣ «አንተ ምን ቀብተህበት ነው?» ብሎ ሊጤን አሸተተ። ሊጡ ያው ነው። አንድ ተኩል ላይ ሲያደርገው ወዲያው ነካለት። ከሰባት ሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ውሃው ሲማታ ደግሞ ሁለታችንም ቆመብን፤ ወደ ሁለት ተኩል ስናወርደው ተመለሰ።

አሳው ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምም። መንካት ካቆመ «ሄዷል» ከማለታችሁ በፊት ግማሽ ክንድ ወደ ታች፣ ግማሽ ክንድ ወደ ላይ ሞክሩ።

9. ፉርሽካ በትኑ

ፉርሽካውን በእጅ ሲጨበጥ ብቻ እንዲያያዝ አርጥቡት። ብርቱካን የሚያህል ጨብጣችሁ ከተንሳፋፊው ትንሽ ወዲያ ጣሉ። ውሃ ሲነካ መፈንዳትና እንደ ደመና ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። እንደ ድንጋይ ከሰመጠ አጥብቃችሁታል፤ አሳውን ከመሃል ወደ ጭቃው ትወስዱታላችሁ ማለት ነው። በየሩብ ሰዓቱ አንድ ጭብጥ ይበቃል። ከበዛ ጠግቦ ይሄዳል።

10. ወርውሩ፣ ጠብቁ፣ ያዙ

ሃይላንዱን በግራ እጅ ያዙ። በቀኝ እጅ ከዳዶው በላይ አንድ ክንድ ያህል ክር ለቅቃችሁ በጎን አወዛውዛችሁ ልቀቁ። ተንሳፋፊው ካረፈ በኋላ ክሩን ለቀቅ አድርጉለት፤ ወጥራችሁ ከያዛችሁት አይወርድም፣ ተንሳፋፊው ተኝቶ ይቀራል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ሊጡ ቦታው ደረሰ።

አነካኩ ሦስት ዓይነት ነው። ተንሳፋፊው ሁለት ሦስቴ ንቅንቅ ብሎ ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመረ፣ ያዙ። ድንገት ከሰመጠ፣ ያዙ። ሦስተኛውን ጀማሪ አያውቀውም፦ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና ጋደም ይላል። አሳው ሊጡን ጎርሶ ወደ ላይ ሲወጣ የዳዶውን ክብደት ስለሚሸከም ነው። ያኔም ያዙ። ንቅንቅታ ብቻ ከሆነ ግን ታገሡ፤ እየቀመሰ ነው።

መያዝ ማለት መመንጨቅ አይደለም። ክሩ እስኪወጠር አንድ ክንድ ያህል ቆንጠጥ አድርጎ መሳብ ነው። ከመነጨቃችሁት ከንፈሩ ተቀድዶ ሊያመልጥ ይችላል። ከዚያ ክሩን ሳታላሉ በእኩል ጉልበት ጎትቱ። ክሩን ጣታችሁ ላይ አትጠምጥሙ። አምባዛ የያዘላችሁ እንደሆነ ጣት ይቆርጣል። ጓንቱ ለዚህ ነው።

11. አሳውን ያዙት

የጀርባው ክንፍ እሾህ ነው። ከጭንቅላቱ ወደ ጭራው እጃችሁን እያንሸራተታችሁ እሾሁን አስተኝታችሁ ጨብጡ። አምባዛ ከሆነ ከጉንጩ ኋላ ግራና ቀኝ ያሉት እሾሆች ይቆለፋሉ፤ በጨርቅ ያዙት። መንጠቆውን በፒንሳ አዙራችሁ አውጡ።

ከአፉ ትንንሽ ጫጩቶች ወይም ቢጫ እንቁላል ሲወጣ ካያችሁ እናት ናት። ይህ ቆሮሶ ልጆቹን በአፉ ነው የሚያሳድገው። ወዲያው መልሷት። ከእጅ መዳፍ የሚያንሰውንም መልሱ፤ ለጥብስም አይሆን።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ተንሳፋፊው ሁሌ ይተኛል፦ ወይ ወለል ነክታችኋል፣ ወይ ክሩ ተወጥሯል፣ ወይ ቱቦው ውስጥ አሸዋ ገብቶ ክሩ አይንሸራተትም። በመጨረሻው ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሊጡ ይበላል አሳ አይያዝም፦ ሊጡ ትልቅ ነው፣ ወይም መንጠቆው ደንዝዟል። ጥፍራችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ከተንሸራተተ አይሠራም፣ ከነከሰ ይሠራል።

ቋጠሮው ቦታውን ይለቃል፦ በደረቁ ታስሯል፣ ወይም የስፌት ክሩ የሚያንሸራትት ሐር ዓይነት ነው። የጥጥ ክር ተጠቀሙ።

አንድ ይዤ ቀረ፦ ከያዛችሁ በኋላ ጥልቀቱን ነክታችሁታል። ክሩ ሲጎተት ቋጠሮው ሊገፋ ይችላል። ከእያንዳንዱ አሳ በኋላ በክንድ ለክታችሁ አረጋግጡ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ

የሐረማያ ዳር ብዙ ቦታ ላይ ደረቅ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ለስላሳ ጭቃ ነው። መንጠቆ ተያዘብኝ ብላችሁ አትግቡ። ክሩን ቁረጡት፤ መንጠቆ ይገዛል። ውሃ ውስጥ ቆሞ ማጥመድም ይቅር። ቢልሃርዝያ ያለበት ውሃ በዓይን አይለይም።

ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ወፍራም ግግር ካያችሁ፣ ወይም የሞተ አሳ ተንሳፍፎ ከሆነ የዚያን ቀን አታጥምዱ። እንዲህ ያለ ግግር መርዝ ሊኖረው ይችላል። በሌላም ቀን ቢሆን ሆድ ዕቃውንና ጉበቱን ጣሉ፤ ሥጋውን ብቻ ብሉ።

ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጠቁር ተነሱ። ሜዳ ላይ ረጅም ዘንግ ይዞ መቆም መብረቅ መጥራት ነው።

የተቆረጠ ክር መሬት ላይ አትጣሉ። የወፍም የፍየልም እግር ያስራል።

ወደ ቤት ስትመለሱ

እዚያው ሳላችሁ ሆዱን ቀዳችሁ፣ ከጉንጩ ሥር ያለውን ቀዩን መተንፈሻ አውጥታችሁ፣ ይዛችሁ በመጣችሁት ንጹህ ውሃ እጠቡት። መበላሸት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለሐረር ሰው እርጥብ ጆንያ ይበቃዋል። የድሬ ሰው ግን ደንገጎን ሲወርድ ሙቀቱ ይቀበለዋል። ከቤት ስትወጡ ውሃ ሞልታችሁ ያበረዳችኋቸውን ሁለት ሃይላንዶች ይዛችሁ ውጡና አሳውን በመሃላቸው አድርጉ።

ክር የተጠቀለለበትን ሃይላንድ ደግሞ ቤት እንደገባችሁ መንጠቆውን ነቅላችሁ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት፣ ለቤተሰቡም ንገሩ። የእኔን የመጀመሪያውን እናቴ ከሌሎቹ ባዶ ሃይላንዶች ጋር ለቆራሌው ሰጥታብኛለች። 50 ሜትር ክር፣ ከነተንሳፋፊው።